ሐዋሳ ላይ የሲኒማ የወር ካርድ ያዋጣል? (400 ብር፣ «የፈለጉትን ያህል ይግቡ»)

ታቦር ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ አዳራሽ የወር ካርድ ሊጀምር እያሰበ ነው። ገና ምክክር ላይ ስለሆነ ስሙ ይቆይ። ዕቅዱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ 320 ወንበር፣ የአንድ ቲኬት ዋጋ 150 ብር፣ የወር ካርድ 400 ብር። ካርድ የያዘ ሰው በወሩ ውስጥ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይገባል። በሥራ ቀን የ8 ሰዓትና የ10 ሰዓት ፊልም ላይ አዳራሹ ሩቡን እንኳ አይሞላም። የሐሳቡ መነሻም «ወንበሩ ባዶውን ከሚውል በርካሽ ሰው ይቀመጥበት» የሚል ነው።

ሁለት ነገር ላይ አስተያየት እፈልጋለሁ። ለተመልካቹ በርግጥ ያዋጣዋል ወይ? አዳራሹስ ሦስት ወር ሮጦ እንዳይቆም ምን ያድርግ? «አሜሪካ ተሞክሮ ከስሯል» የሚለው ብቻ አይበቃኝም፤ ለምን እንደከሰረ የሚያውቅ ካለ ያስረዳን።

ሒሳብ በልክ

ቁጥሩን እናስቀምጥና ከዚያ እንከራከር።

150 ብሩ ውስጥ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። 150 ለ1.15 ሲካፈል 130.43 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ የፊልሙ ባለቤት ድርሻ ይነሳል። ድርሻው እንደ ውሉ ይለያያል፤ ለስሌት እኩል ለእኩል ብንወስድ ለፕሮዲዩሰሩ 65.22፣ ለአዳራሹም 65.22 ብር ይሆናል። ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ መብራቱም የሚከፈለው ከዚችው ነው።

ወደ ካርዱ ስንመጣ 400 ለ1.15 ሲካፈል 347.83 ብር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ለገባው ሰው ሁሉ የተለመደውን 65.22 ይቀበላል ካልን፣ ሰውየው በወር ሁለቴ ቢገባ ለአዳራሹ 217 ብር ይተርፋል። ሦስቴ ቢገባ 152፣ አራቴ ቢገባ 87፣ አምስቴ ቢገባ 22 ብር። ስድስተኛው ላይ አዳራሹ ከኪሱ 43 ብር ይጨምራል።

ይሄን አይቶ «ስድስት ጊዜ የሚገባ ማን አለ?» የሚል ይኖራል። መታየት ያለበት ግን ሰውየው ካርድ ባይኖረው ስንቴ ይገባ ነበር የሚለው ነው። በወር አንዴ ይገባ የነበረ ሰው ለአዳራሹ 65 ብር ያስገኝ ነበር፤ ካርድ ገዝቶ አራቴ ቢመጣ 87 ያስገኛል። የ22 ብር ጥቅም አለ። በወር ሦስቴ ይገባ የነበረው ግን 196 ብር ያስገኝ ነበር፤ ካርድ ይዞ ስድስቴ ሲገባ 196ቱ ቀርቶ 43 ብር ኪሳራ ይመጣል። ከአንድ ሰው 239 ብር ሄደ ማለት ነው። ይሄን አንዱን አዘውታሪ ለማካካስ አሥራ አንድ አልፎ አልፎ የሚመጡ ሰዎች ካርድ መግዛት አለባቸው።

በመጀመሪያው ቀን ካርድ ሊገዛ የሚሰለፈው ማን ይመስላችኋል? አዘውታሪው ነው። ሦስተኛው ፊልም ላይ ካርዱ ዋጋውን እንደመለሰለት ለማወቅ ካልኩሌተር አያወጣም።

ኮርነር ኳስ

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሐዋሳ የት እንደምትውል እየታወቀ ስለ ሲኒማ ካርድ ታወራላችሁ። ዲኤስቲቪ ቤት በአንድ ጨዋታ የሚከፈለው ከፊልም ቲኬት ስንት እጥፍ ያንሳል!

ሒሳብ በልክ

› ኮርነር ኳስ

እንዲያውም ለካርዱ ጠቃሚ ነጥብ አነሳህ። የእንግሊዝ ኳስ በብዛት የሚታየው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ቢመጣም ማታ ነው። ካርዱ የሚፈለገው ደግሞ ለሥራ ቀን የ8 እና የ10 ሰዓት ፊልም ነው። ስለዚህ ብዙም አይጋጩም።

ሃርድ ዲስክ

ከላይ የተሠራው ስሌት ውስጥ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለባት አንዲት ሐረግ አለች፦ «ፕሮዲዩሰሩ የተለመደውን 65.22 ይቀበላል ካልን»። የወር ካርድ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚያች ላይ ነው። ስለ ደንበኛው ብዙ ይወራል፤ ከፊልሙ ባለቤት ጋር ስለሚፈረመው ወረቀት ግን ማንም አያነሳም። ባዶ ወንበር ወጪ የሌለው የሚመስለው የአዳራሹን በጀት ብቻ ላየ ሰው ነው። ሰው እንደተቀመጠበት ግን ፊልሙን የሠራው ወገን ድርሻዬ የት አለ ይላል። መብቱም ነው።

ለመስማማት ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው በገባው ሰው ልክ ሙሉ ድርሻ መክፈል ነው። ፕሮዲዩሰር የሚወደው ይሄን ነው፤ አዳራሹ ግን ከላይ የታየው አምስተኛና ስድስተኛ ፊልም ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ቋት ነው። የካርዱ ገቢ በሙሉ አንድ ላይ ይሰበሰባል፣ ግማሹ ለፊልም ባለቤቶች ይመደባል፣ በገባው ሰው ቁጥር ይካፈላል። 200 ካርድ ተሸጧል እንበል፤ ታክሱ ወጥቶ 69,566 ብር ነው፣ ግማሹ 34,783። በወሩ በካርድ 700 ጊዜ ከተገባ ለአንድ ሰው 49.69 ብር ይደርሳል። 1,000 ጊዜ ከተገባ 34.78 ብር ብቻ። አዳራሹ በቋት መቼም አይከስርም። ፕሮዲዩሰሩ ግን ሺህ ሰው ሲገባ አይቶ የ533 ሰው ገንዘብ ይቀበላል። በር ላይ ተቆጣጣሪ የሚያቆም ፕሮዲዩሰር ደግሞ ሺሁንም በአይኑ ቆጥሯል። ያኔ «ተሰረቅኩ» ይላል፤ ለቀጣዩ ፊልሙ ሌላ አዳራሽ ይፈልጋል ወይም ቀጥታ ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል። ዛሬ ብዙ አማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ሳይረግጥ ዩቲዩብ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ፕሮዲዩሰር ማስቀየም ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አይነገርም።

ሦስተኛው ወለል ያለው ቋት ነው። በቋት ይካፈላል፣ ግን ለአንድ ሰው ከዚህ ብር በታች አይወርድም ተብሎ ይፈረማል፤ ለምሳሌ 45 ብር። ወለሉ ካለ ደግሞ የመግቢያ ቁጥር መገደቡ ግድ ነው፤ አለዚያ በጓሮ በር ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ዩጂሲ የተባለው የሲኒማ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የፈለጉትን ያህል የሚያስገባ የወር ካርድ ሲያወጣ ትናንሽ ሲኒማ ቤቶችና የፊልም አከፋፋዮች ጮኹ። በቀጣዩ ዓመት በ2001 ሕግ ወጣ፦ እንዲህ ያለ ካርድ በመንግሥት የሲኒማ ተቋም ይጽደቅ፤ በካርድ ለገባው ለእያንዳንዱ ተመልካችም ለፊልሙ ባለቤቶች የሚከፈለው በታወቀ ማጣቀሻ ዋጋ ይሰላ ተባለ። ያን ያህል ትልቅ ገበያ ያለው አገር ወለሉን በሕግ አስቀመጠ። እኛ ጋ በሕግ ስለሌለ በውል ማስቀመጥ ነው።

ቁጥር ስምንት ወንበር

ታቦር ማዶ አሜሪካ ለምን ከሰረ ብለሃል። ድርጅቱ ሙቪፓስ ይባላል። የተቋቋመው በ2011 ነው፣ ያኔ ውድ ነበር፣ ደንበኛውም ጥቂት። በነሐሴ 2017 (በፈረንጅ) ሄሊዮስ ኤንድ ማቲሰን የሚባል ኩባንያ ትልቁን ድርሻ ሲገዛው ዋጋው በወር 9.95 ዶላር ሆነ፤ በቀን አንድ ፊልም። የዚያ ዓመት የአሜሪካ አማካይ ቲኬት 8.97 ዶላር ነበር። ማለትም ደንበኛው በወር ሁለተኛ ፊልም ሲያይ ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ገብቷል።

ዋናው ነገር ግን ሙቪፓስ አንድም ሲኒማ ቤት አልነበረውም። ለደንበኛው የማስተርካርድ ካርድ ይሰጠዋል፤ ደንበኛው በር ላይ ቲኬቱን በሙሉ ዋጋ ይገዛበታል፤ ሙሉውን ገንዘብ ሙቪፓስ ይከፍላል። ባዶውን ወንበር በርካሽ የሸጠለት የለም። ፈንዲሻውም የሲኒማ ቤቱ ነው። በ2018 አጋማሽ ከ3 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው፤ እያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ኪሳራ ይዞ ይገባ ስለነበር መብዛታቸው ውድቀቱን አፋጠነው። በሐምሌ 2018 ገንዘብ አልቆበት አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ቀጠለ። በነሐሴ በወር ሦስት ፊልም ብሎ ገደበ። መስከረም 2019 ላይ ዘጋ፤ ጥር 2020 ላይ የመክሰር ማመልከቻ አስገባ።

በኋላ ደግሞ የባሰ ወጣ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2021 እንዳስታወቀው ድርጅቱ ፊልም የሚያበዙ ደንበኞችን ሆን ብሎ እንዳይገቡ ያደርግ ነበር፤ የይለፍ ቃላቸውን ይሰርዛል፣ የቲኬቱን ፎቶ ላኩ እያለ ያደክማቸዋል። ያልተገደበ ብሎ የሸጠ ሰው መጨረሻው ይሄው ነው፤ በግልጽ ያላስቀመጠውን ገደብ በተንኮል ያስቀምጣል።

ሲኒማ ቤት ያላቸው ድርጅቶች የጀመሩት ግን እስከ ዛሬ አለ። ሲኒማርክ በታኅሣሥ 2017 በወር 8.99 ዶላር አንድ ቲኬት ብቻ ብሎ ጀመረ፤ ያልተጠቀምክበት ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል፣ ፈንዲሻና መጠጥ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ አለው። ኤኤምሲ በሰኔ 2018 በ19.95 ዶላር በሳምንት እስከ ሦስት ፊልም አለ። ልዩነቱ ገባችሁ? ወንበሩም ፈንዲሻውም የራሳቸው ነው።

ሃርድ ዲስክ

› ቁጥር ስምንት ወንበር

ጥሩ አስቀምጠኸዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚያ ሁሉ የሚኖሩት ረስቶ በሚከፍል ሰው ነው። ካርዱ ከባንክ ጋር ታስሮ በየወሩ ይቆረጣል፤ ሰውየው ሁለት ወር ሲኒማ ሳይረግጥ ይከፍላል። እዚህ ደንበኛው በየወሩ በገዛ እጁ በቴሌብር የሚልክ ከሆነ የሚረሳ የለም። ያልተጠቀመበት ወር ካለ በሚቀጥለው አይገዛም፣ በቃ። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ስሌት ላይ «ከአባላቱ ይሄን ያህሉ አይመጡም» የሚል መስመር ካያችሁ ሰርዙት። እኛ ጋ የገዛ ሁሉ ይመጣል ብሎ ማስላት ነው።

ፍራንኮ ሠፈር

ከአዳማ ነኝ፤ የኛ ነገር ከናንተ በአንድ ነገር ይለያል። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የፍጥነት መንገዱም አለ። ትልልቅ አዲስ ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲወጣ አይቶ ይመለሳል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነች ተመልካቹ የራሷ ነው፣ ለካርድ ይሄ ይጠቅማል። ግን አንድ ጥያቄ፦ በወር ስንት አዲስ ፊልም ይገባል? ሦስት ብቻ ከሆነ «የፈለጉትን ያህል» ማለት ሦስት ማለት ነው። ደንበኛው 450 ብር የሚያወጣውን በ400 ገዛ፤ ለ50 ብር ቅናሽ ማን ካርድ ያወጣል?

ታቦር ማዶ

› ፍራንኮ ሠፈር

ከሦስት እስከ አራት አዲስ ይገባል፤ የቀረው ከቀደመው ወር የተሻገረ ነው። እንግዲህ የፊልሙ ቁጥር ራሱ ገደብ ከሆነ የስድስት ጊዜው ኪሳራ የማይመጣ ፍርሃት ነው ማለት አይደለም?

ሒሳብ በልክ

› ታቦር ማዶ

አይደለም። «የፈለጉትን ያህል ጊዜ» ያልከው ፊልሙን አይደለም፣ መግቢያውን ነው። አንድን ፊልም ሦስቴ የሚያይ አለ፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ፀሐይ ከሰዓት ጥላ ፍለጋ የሚገባ አለ፤ ከፍቅረኛው ጋር የሚቀመጥበት ያጣ ተማሪ አለ። እሱ እንዲያውም ምን ፊልም እንደሆነ አይጠይቅም። ፕሮዲዩሰሩ ግን ለተቀመጠው ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ቢያንስ «አንድ ፊልም አንድ ጊዜ» የሚል ይግባበት።

ማሽን ክፍል

ሁላችሁም ባዶ ወንበር ባዶ ወንበር ትላላችሁ። ፊልሙ ለአሥር ሰውም ለሦስት መቶ ሰውም የሚበላው መብራት አንድ ነው፣ እውነት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ይለወጣል።

50 ኬቪኤ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት 6 ሊትር አካባቢ ናፍጣ ይጠጣል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ለሚሆን ፊልም ወደ 14 ሊትር ነው። በጥቂት የቲኬት ገዢ አዳራሹ «ሰው ስላነሰ ይቅርታ» ብሎ ገንዘብ መልሶ መሸኘት ይችላል። ካርድ የያዘ ሃያ ምናምን ሰው በር ላይ ቆሞ ግን የሚመለስለት የቲኬት ገንዘብ የለም፤ የሚፈልገው ፊልሙን ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰው ሲሞላ በጄኔሬተር ይታያል፣ ሳይታይ ከቀረ ያ መግቢያ ከካርዱ ላይ አይቆረጥም። በቃል ሳይሆን ካርዱ ጀርባ ላይ ይታተም።

ሌላው የፕሮጀክተሩ መብራት ነው። ብዙ አዳራሽ የሚጠቀመው ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ አምፖሉ የሚገመተው ከ2,000 እስከ 3,000 ሰዓት ነው። በቀን አራት ፊልም፣ 9 ሰዓት ብትሉት አንድ ዓመት አይሞላም። ዕድሜው ከማለቁ በፊት ደግሞ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል፤ በሌሊት የሚታይ ትዕይንት ላይ ተዋናዩ ጥላ ይመስላል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል፤ ከዕድሜው የሚቆርጠው ይሄ ነው። ቢያንስ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፕሮጀክተሩን ከነማራገቢያው የሚሸከም ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ይኑር። ለምን ይሄን አነሳሁ? ቲኬት ገዢ ሥዕሉ ከደከመበት ዝም ብሎ ይቀራል። የካርድ ደንበኛ ግን በሳምንት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ ድክመቱን በየሳምንቱ ያያል፤ ለሌላው የሚያወራውም እሱ ነው። ካርድ ከመሸጣችሁ በፊት አምፖል ቀይሩ።

በር ላይ

ስለ ማጭበርበር ማንም አላነሳም፤ ካርዱ የሚያልቀው ግን እዚያ ነው።

ስልክ ላይ የሚላክ ኪውአር ኮድ ብቻ ከሆነ በቴሌግራም ፎቶው ይዞራል። አንዱ ይገዛል፣ ስድስት ጓደኛ በየተራ ይገባበታል። ፎቶ ያለበት ካርድ ይሻላል፤ ከሱም የሚሻለው በስልክ ቁጥር መመዝገብና በር ላይ ለዚያ ስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር ነው። አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን ይናገራል፤ ባለ ቲኬቷ ታስገባለች፤ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፤ ያነብላታል፤ «0 ብር» የሚል ቲኬት ይታተማል። የቲኬቱ ግማሽ በር ላይ ተቀዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የዜሮ ብር ቲኬቷ የግድ ናት፤ ለፕሮዲዩሰሩ ተቆጣጣሪ የምትቆጠረው እሷው ናትና። በካርድ የገባ እጁን እያወዛወዘ ካለፈ የዚያን ቀን ቆጠራ የሚያምን አይኖርም።

ይሄ ሁሉ በሰው 20 ሰኮንድ ቢወስድ ለ24 ሰው 8 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የካርድ ሰልፍ ለብቻው ይሁን፤ ቲኬት ገዢውን አታስቁሙት። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጠዋት የታተመ የአባላት ዝርዝር ይኑር፤ መታወቂያ አይቶ ማስፈረም ነው። ኔትወርክ የለም ብላችሁ አንድ ቀን ከመለሳችሁት ሰውየው ሁለተኛ አይገዛም።

የተጨማሪ እሴት ታክሱ ደረሰኝ የሚቆረጠው ካርዱ በተሸጠበት ቀን ነው፣ በሙሉው። በየመግቢያው እየከፋፈልን እንቆርጣለን የሚል ሐሳብ ካላችሁ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት።

አሞራ ገደል በኩል

እኔ ስለ ተመልካቹ ልናገር፤ እዚህ የተሰበሰበው ሁሉ ባለ አዳራሽ ይመስላል።

ፊልሙ በ400 ብር ቢገባም የሚወጣው ገንዘብ እሱ ብቻ አይደለም። ከሪፈራል ወይም ከአቶቴ በኩል ለሚመጣ የባጃጅ ደርሶ መልስ አለ፤ ከ12 ሰዓቱ ፊልም የወጣ ደግሞ ማታ ኮንትራት ነው የሚይዘው። አራት ጊዜ መምጣት ማለት አራት ጊዜ ባጃጅ ማለት ነው። ስለዚህ ካርዱ የሚያዋጣው በእግሩ ለሚመጣ ነው፦ ፒያሳና አካባቢው ለሚኖርና ለሚሠራ፣ ክፍል በጊዜ ለሚጨርስ ተማሪ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ በፈረቃ ስለሚገባ የከሰዓት ሰዓት ያለው አንዳንዱ ሳምንት ብቻ ነው፤ ለሱ የወር ካርድ ሳይሆን ቀን የማያልፍበት ነገር ነው የሚሻለው። ጥራዝ ሽጡለት፤ አምስት ቲኬት በ600 ብር፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል፣ ለሌላ ሰው ቢሰጠውም ችግር የሌለው። ከ750 ብሩ 150 ቀነሳችሁ፣ ገንዘቡን ግን ቀድማችሁ አገኛችሁ፣ ማጭበርበር የሚባልም ነገር የለበትም።

ሒሳብ በልክ

› አሞራ ገደል በኩል

እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ጥራዙ ለአዳራሹም አይከፋም። በቲኬት 120 ብር፣ ታክሱ ሲወጣ 104.35፣ ግማሹ 52.17። ፕሮዲዩሰሩም ከ65 ወደ 52 መውረዱን መስማማት አይከብደውም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈለው የታወቀ ነውና። ግን ጥራዝ ሰው በሥራ ቀን እንዲመጣ አያደርግም፤ ሰውየው አምስቱንም ቅዳሜ ይጨርሳቸዋል። የ8 ሰዓቱ ወንበር ባዶውን ይቀራል።

ታቦር ማዶ

እስካሁን ከተባለው ተነስቼ ዕቅዱን እንዲህ ብለውጠውስ? ካርዱ 300 ብር፤ ከገዛበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን፤ አራት መግቢያ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የ8 እና የ10 ሰዓት ብቻ፤ አንድ ፊልም አንድ ጊዜ፤ አዲስ ፊልም ከሁለተኛ ሳምንቱ ጀምሮ። ለፕሮዲዩሰሩ በሰው 45 ብር ወለል። የፊልም ምረቃ ዝግጅት አይጨምርም። ፍቼ ጨምበላላና የገብርኤል ንግሥ ሰሞንም አይሠራም፤ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ አዳራሹ ያለ ካርድም ሰው ያገኛል።

ሒሳብ በልክ

300 ለ1.15 ሲካፈል 260.87 ነው። አራቱንም ቢጠቀም ለፕሮዲዩሰሮች 180፣ ለአዳራሹ 80.87። ሦስት ከሆነ 125.87፣ ሁለት ከሆነ 170.87። የመጨረሻው መጥፎ ሁኔታ 81 ብር ነው፤ በወር አንዴ ከሚመጣው 65 ይበልጣል። በወር ሦስቴ ይመጣ የነበረው ወደ ካርድ ቢዛወር አሁንም እስከ 115 ብር ይጎድላል፣ ግን ያ ሰው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ካርዱ አይሠራለትም። ስለዚህ የሥራ ቀኑ ገደብ ከዋጋው ይበልጣል። እሱን በወዳጅነት ለአንድ ሰው እንኳ እንዳትለቁ።

ለተመልካቹ ሁለተኛው ፊልም ላይ ዋጋው ተመለሰ፣ አራቱን ካየ በ75 ብር ሂሳብ ነው። አያጉረመርምም።

ስንት ካርድ ይሸጥ ካላችሁ ወንበሩ አይደለም የሚገድባችሁ። በወር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሁለት ሁለት ፊልም 34 ያህል መርሐ ግብር ነው። 200 ካርድ አራት አራቴ ቢገባ 800፤ በአንድ ፊልም 24 ሰው ገደማ። ለ320 ወንበር ምንም አይደለም።

ማሽን ክፍል

24 ሰው አልክ? አራቱንም ከተጠቀሙ ለአዳራሹ በሰው 20 ብር ነው፤ 485 ብር በአንድ ፊልም። በ14 ሊትር ናፍጣ ሲካፈል ሊትሩ ወደ 35 ብር ይመጣል። በ35 ብር የሚሸጥ ማደያ ካለ ይጠቆመን። በካርድ ሰው ብቻ ጄኔሬተር አይነሳም። ቢያንስ 30 ቲኬት ገዢ ሲጨመርበት ይነሳ ብላችሁ ጻፉ።

በር ላይ

ፈንዲሻውን ረሳችሁት። አንድ ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ፣ ዘሩ ጥሩ ከሆነ ወደ 36 ሊትር ይፈነዳል፤ የሁለት ሊትር ከረጢት ብትሉት 18 ከረጢት ነው። ዘይትና ጨው ጨምራችሁም ከሽያጩ አብዛኛው ትርፍ ነው፣ ለፕሮዲዩሰርም አይካፈልም። የፈንዲሻው ትርፍ 25 ብር ነው እንበል፤ ከ24ቱ ግማሹ ቢገዛ 300 ብር ነው። ካርድ ለያዘ ሰው ፈንዲሻ ላይ ጥቂት ቅናሽ አድርጉለት፣ ከቲኬቱ ላይ ከምትቀንሱለት ያ ይሻላል። በጾም ወራት ቅቤ አትንኩበት፤ በዘይት ብቻ ከሆነ ዐቢይ ጾምንም ያሻግራል።

ሃርድ ዲስክ

በአዲሱ ዕቅድ ላይ ፕሮዲዩሰር የሚፈርመው ሦስት ነገር ካየ ነው። አንደኛ የመጀመሪያው ሳምንት ከካርድ ነፃ መሆኑ፤ የአንድ አማርኛ ፊልም ጥሩ ገቢ መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሱን የሚነካ ካርድ ማንም አይቀበልም። ሁለተኛ በየሳምንቱ በፊልም ተለይቶ የወጣ የዜሮ ብር ቲኬት ዝርዝር፣ ከተቀደደው ግማሽ ጋር። ሦስተኛ ክፍያው የሚደርስበት ቀን። ወለሉ 45 ብር ሆኖ በሁለት ወር ከሚመጣ፣ 40 ሆኖ በሰባት ቀን ቢደርሰው የሚመርጥ ብዙ ነው። ለድርድር የያዛችሁት ትልቁ ነገር ብሩ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ውሉን ደግሞ ፊልም በፊልም ፈርሙ። ካርዱን አልቀበልም ያለ ፕሮዲዩሰር ካለ ፖስተሩ ላይ «በካርድ አይታይም» ብሎ መለጠፍ ነው። የካርድ ደንበኛ ፖስተር ላይ አይቶ የቀረና በር ላይ ተከልክሎ የተመለሰ ሰው አንድ አይደሉም።

ፍራንኮ ሠፈር

አንድ የቀረኝ። ተማሪው ሐምሌና ነሐሴ ከተማ ውስጥ የለም። ጳጉሜንስ? በወሩ መጀመሪያ የሚታደስ ካርድ ከሆነ ለአምስት ቀን ተብሎ 300 ብር ሊከፈል ነው?

ታቦር ማዶ

› ፍራንኮ ሠፈር

ከገዛበት ቀን 30 ቀን የተባለው ለዚህ ነው፤ ነሐሴ 20 የገዛ ጳጉሜን አልፎ አዲሱን ዓመት ውስጥ ገብቶ ይጨርሳል። ለተማሪው ግን ያልተጠቀመባቸውን መግቢያዎች እስከ ጥቅምት አቆይቶ መክፈት ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ሒሳብ በልክ

ይቻላል፣ እስከ ሁለት መግቢያ ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ ካሻገራችሁ ጥቅምት ላይ በአንድ ሳምንት ይመጡባችኋል፤ የፕሮዲዩሰሩ 45 ብርም ያኔ ነው የሚጠየቀው። ለተሻገረው መግቢያ 90 ብሩን ሰኔ ላይ ለይታችሁ በሌላ ሒሳብ አስቀምጡት፤ በክረምቱ ደመወዝ ላይ እንዳይገባ።